ሁለት ፍሬ ማስታገሻ በዘጠና ብር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚዛን ስመረምር ኖሬያለሁ። ሥጋ ቤት፣ እህል በረንዳ፣ ወርቅ ቤት፣ ከሰል ተራ ሳይቀር፣ ሚዛን ያለበት ቦታ ሁሉ ያፌት የማይደርስበት አልነበረም። የብረት ክብደቶቼን በሣጥን ይዤ ስገባ ነጋዴው «ኧረ ጋሼ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣልዎት» ይለኛል። ሻዩን ጠጥቼ አላውቅም። ሻይ ለመጋበዝ የሚጣደፍ ነጋዴ ሚዛኑ ንጹሕ ሆኖ አላየሁም። ስለዚህ ሰው ተጠራጣሪ ነህ ቢለኝ አልቀየምም፤ መንግሥት ደመወዝ የከፈለኝ ለዚሁ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ከሀሴት ጋር እኖራለሁ። የዘንድሮ ኑሮ አንድ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኛል፤ ሰላምታ የማያቀርብ ዕቃ ጠፋ። ጠዋት ስከፍተው በሩ «እንደምን አደሩ አቶ ያፌት» ይላል። የውሃ ቧንቧውም ይላል። አውቶቡሱም ይላል። መንገድ ዳር የቆመው የመብራት ምሰሶ እንኳ ባጠገቡ ስታልፍ «ሰላም አደሩ? ቤተሰብ ደህና?» ይልሃል። ሰዉም ይመልስለታል። ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ በኛ አገር ነውር ነው፤ ለምሰሶም ቢሆን ነውር ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፤ ብረት የኔ ደህንነት ምን ያደርግለታል?

ሀሴት ጓንት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቃ የሚያቀብለው የብረት ክንድ፣ ሰው ሲያይ ይቆማል የተባለለት፣ ሳይቆም ወገቧን መታት። አጥንቱ ገጥሟል ተባለ፤ አልገጠመም። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረን፤ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ትራመዳለች፣ ካልተደረገላት በሁለት ዓመት ውስጥ አልጋ ላይ ትቀራለች። የቀዶ ጥገናው ወጪ ቤታችንን ሦስት ጊዜ ብንሸጠው አይሸፍነውም። መክፈል ያለበት የፋብሪካው የመድን ዋስትና ነው። ዋስትናው እንዲከፍል ደግሞ የጉዳት ሸንጎ «ሕመሙ አለ፣ አልተሻላትም» ብሎ መወሰን አለበት። ቀጠሯችን ሚያዝያ አሥራ ሁለት ነበር።

እስከዚያ ያላት ማስታገሻ ብቻ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ፣ የራስ ምታቱም የቃሩም የቁርጥማቱም፣ አሁን የሚሸጠው በመስኮቱ ነው። መስኮቱ ግድግዳ ላይ የተገጠመ፣ የሻይ ትሪ የሚያህል መስታወት ነው። ለአንድ ታማሚ በቀን ሁለት ፍሬ ይሰጣል፤ ብትለምነውም ሦስተኛ የለም። ዋጋው የትም አልተጻፈም። ፊቱ ስትቆም ላንተ ብቻ ይታይሃል፤ ከኋላህ የቆመው ሰው ያንተን ዋጋ አያይም። ሰዉም ስለ ዋጋው አይነጋገርም። የሰው ደመወዝ እንደመጠየቅ ሆኖ ቀርቷል።

ጥር ሃያ አራት ጠዋት ሀሴት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተመለሰች። ሁለት መቶ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ አንድ ሰዓት ሊሞላት ምንም አልቀረውም። ውሃ ሰጠኋትና እንዲያው ነገር ለማስጀመር ስንት ገዛሽው አልኳት።

«አራት መቶ ስልሳ» አለች።

«ለሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል? በስማም! ሶልያና እኮ ትናንት በመቶ ሃያ ነው የገዛችው፤ አፏን አዳልጧት ነገረችኝ። ምን ብለሽው ነው?»

«ምን እለዋለሁ? እንዴት አደሩ አለኝ። ሳልተኛ ነጋ አልኩት። ወገቤ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ነው የሚመስለኝ አልኩት። አይዞዎት አለኝ፣ የተባረከ።»

«ማሽን ነው እኮ ሀሴት!»

«ቢሆንስ? አይዞሽ ያለኝ እሱ ነው። አንተ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

እኔ ልቤ ሌላ ነገር ላይ ነበር። አንድ ዓይነት ኪኒን፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሳምንት፤ አንዷ መቶ ሃያ፣ አንዷ አራት መቶ ስልሳ። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሚዛን ባገኝ ቀይ ወረቀት ለጥፌበት ሱቁን አሽጌ ነበር የምወጣው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶልያናን ነው፤ እውነቱን ልናገር። ሶልያና ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ከሀሴት ጋር እዚያው ጓንት ፋብሪካ ነበረች፤ አሁንም እዚያው ናት። በየማታው ብቅ ትልና «እትዬ ሀሴት ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ትላለች፤ ሀሴትም ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ትዘረግፍላታለች። ይቺ ሴት የሰማችውን ወስዳ ለመስኮቱ ትነግር ይሆን? ሀሴት የነገረቻትን ለራሷ ቅናሽ ታደርገው ይሆን? እንዲህ እያልኩ ያን ማታ በጎሪጥ አየኋት። ወጥ ይዛ ስትመጣ እንኳ ወጡን ነው ያየሁት።

ከዚያ ግን ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ሚዛን በሐሜት አይፈተንም። የሚፈተነው ልኩ በሚታወቅ ክብደት ነው። አንድ ኪሎ መሆኑን የምታውቀውን ብረት ታስቀምጥና ሚዛኑ ስንት እንደሚል ታያለህ። እኔም ብረት ባይኖረኝ ቃል አለኝ ብዬ ለሀሴት ከዛሬ ጀምሮ የምገዛልሽ እኔ ነኝ አልኳት። ደስ አላት። መንገዱ ይከብዳታል።

ጥር ሃያ አምስት ቆምኩ። «እንደምን አደሩ አቶ ያፌት? ለራስዎ ነው ወይስ ለወይዘሮ ሀሴት?» አለኝ። ለእሷ ነው አልኩት። «እንዴት አደሩልን?» አለ። «በጣም አሟታል» አልኩ። አራት መቶ ስልሳ።

በማግስቱ «ትንሽ አሟታል» አልኩት። ሁለት መቶ ዘጠና።

በሦስተኛው ቀን «ደህና ናት» አልኩት። መቶ ሃያ።

በአራተኛው ቀን፣ ጥር ሃያ ስምንት መሆኑ ነው፣ ከልምድ የተነሳ አፌ ላይ መጥቶ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ዘጠና ብር! ለምስጋናው ሠላሳ ብር ቀነሰልኝ። እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ጉድ እኮ ነው። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቼ አልሐምዱሊላህ ሲሉም ያው ሠላሳ ብር ይቀነስላቸዋል፤ አጣርቻለሁ።

ሚስጥሩ ገባኝ አልኩ። ገበያ ላይ ያለ ነገር ነው። ዕቃው በጣም እንዳስፈለገህ ነጋዴው ካወቀ ዋጋ ይቆልልብሃል፤ ስለዚህ ያላስፈለገህ መስለህ ትቆማለህ። የኔ ሀሴት ደግሞ ሆዷን ከፍታ ለመስታወት ታወራለች። ያመመውን ሰው ለይቶ የሚጫን ሌባ ሚዛን ነው ማለት ነው። እኔ የቤቴን ገመና ለግድግዳ አልነግርም። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አለቀ። ከዚህ ቃል ማንም ምንም ሊያወጣበት አይችልም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ያልኩት እሱን ነው።

መስታወቱ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። መነጽሬን አድርጌ አንብቤዋለሁ፤ የማላነብ ሰው አይደለሁም። «ቃልዎ ለአገልግሎቱ መሻሻል ይያዛል» ይላል። ይያዝ አልኩ። የማይይዝ ዕቃ የት አለና ነው?

ሀሴት በየቀኑ ስንት አሉህ ትለኛለች። ዘጠና ስላት አላመነችም።

«ዘጠና? ምን ብለህ ነው አንተ ሰውዬ?»

«ሙያ ነው።»

«የሆነ ነገርማ አለህ።»

አልነገርኳትም። ብነግራት በሽተኛ አይደለሁም አልክብኝ ብላ እንደምትጣላኝ አውቅ ነበር። ደግሞም ኮርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሙያዬ ያሸነፍኩት አንድ ሚዛን ቢኖር እሱ ነው።

ለሶልያና ግን ነገርኳት። ስለጠረጠርኳት ትንሽ አፍሬ ነበር፤ እንደ ካሳ ቆጠርኩት። እሷም ጉልበቷን ይቆረጥማታል፤ ፋብሪካው ሲሚንቶ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚያቆማቸው። ደህና ነኝ ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር ይመስገን ጨምሪበት አልኳት። በማግስቱ ሮጣ መጥታ «ዘጠና! ጋሽ ያፌት፣ አንተን ያቆይልኝ!» አለችኝ። እሷ ለባልደረቦቿ ነገረች፤ እነሱ ለሌላው። የካቲት ሳይጋመስ ሰልፉ ሁሉ ምስጋና በምስጋና ሆነ። አንዱ አንገቱ አልዞር ብሎት፣ አንዷ እጇን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሁሉም ተራው ሲደርስ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔም የዚህ ሁሉ ሰው ባለውለታ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እቆም ነበር።

አንድ ቀን ሶልያና ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ድምፅዋን ቀንሳ «ጋሽ ያፌት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እኛ ዘጠና ስንከፍል፣ የቀረውን ሦስት መቶ ሰባ ማነው የሚከፍለው?»

«እሱ የነሱ ጉዳይ ነው» አልኳት።

እንዲህ ልበል እንጂ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ገባ። በሠላሳ አንድ ዓመት ለገዢ የሚያደላ ሚዛን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እህል በረንዳ፣ አንድ ወፍራም ነጋዴ ዘንድ። መቶ ኪሎ የማውቀውን ብረት ስጭንበት ሚዛኑ ዘጠና አራት አለ። መቶ ኪሎ ጤፍ ወስደህ የዘጠና አራት ትከፍላለህ ማለት ነው። «ጋሼ፣ እየከሰሩ እኮ ነው» አልኩት፤ አዝኜለት። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በኋላ ሳጣራ በዚያ ሚዛን ሸጦበት አያውቅም። ከገበሬ የሚረከብበት ነበር። ገበሬው መቶ ኪሎ አምጥቶ የዘጠና አራት ተከፍሎት ይሄዳል። ይሄንን ለአዳዲስ ተቆጣጣሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ፤ ሚዛኑ ወዴት እንዳደላ ከማየታችሁ በፊት ማን ሻጭ ማን ገዢ እንደሆነ እዩ እያልኩ። በዚያ ቀን ደረጃው ላይ ትዝ አለኝ። ትዝ ብሎኝ ኪኒኑን ይዤ ገባሁ።

መጋቢት ላይ ሀሴት ባሰባት። ከአልጋ ስትነሳ ትንፋሿን ይዛ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ካልቆጠረች አትነሳም። አንድ ጠዋት ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬ እኔ ልሂድ» አለችኝ።

«በዚህ ወገብሽ?»

«ያ ድምፅ ናፈቀኝ። ትንሽ አውርቼው ልመለስ።»

«ተይ ሀሴት፣ ዋጋውን ታበላሺብኛለሽ!» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። ኮቷን አውልቃ መልሳ ሰቀለችው።

ሚያዝያ አሥራ ሁለት ደረሰ። ሸንጎው በሰፊ አዳራሽ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ጠባብ ክፍል ነች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ወጣት ሰብሳቢ። ልጅቷ ጨዋ ናት። ከመቀመጫዋ ተነስታ ሀሴትን ደግፋ አስቀመጠቻት።

«እንደምን አሉ እናቴ?» አለቻት።

«ምን እላለሁ ልጄ፤ ይኸው እንደምታይኝ ነው። መቀመጥም መተኛትም አልሆነልኝም። ሽንት ቤት የሚወስደኝ እሱ ነው» አለችና ወደኔ ጠቆመች። ሁሉንም ነገረቻት፤ አሥር ድረስ መቁጠሯን ሳይቀር። እኔ በልቤ እሰየው አልኩ። እንደሷ አድርጎ የሚነግር ጠበቃ የለም።

ልጅቷ አንገቷን ነቅነቅ እያደረገች እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አየች።

«እናቴ፣ እስከ ጥር ሃያ አራት በየጠዋቱ የተናገሩት እዚህ አለ። አንድም ቀን አላጎደሉም። ሕመምዎ በደንብ ነው የሚታየው። ከዚያ በኋላ ግን ተሽሎዎታል።»

«እኔ?» አለች ሀሴት።

«ከጥር ሃያ ሰባት መዝገቡ ለሸንጎው እስከተላከበት እስከ ሚያዝያ ሰባት ሰባ አንድ ጠዋት ነው። ሰባ አንዱንም ጠዋት ደህና እንደሆኑ ቃል ተሰጥቷል። ሰባ ቀን ካለፈው አገግመዋል ነው የሚባለው። መዝገቡ የሚዘጋው በዚያ ነው።»

ብድግ አልኩ። «ማነው ቃል የሰጠው?» አልኳት። «ስሙን ንገሪኝ! ማነው በሰው ወገብ የሚመሰክረው? ዓይኔ እያየ ሌሊቱን ስታቃስት የምታድር ሴት ናት እኮ! ያንን ውሸታም አምጪልኝና ፊቴ ላይ ይድገመው!» ሶልያና ትሆናለች ብዬ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ጊዜም እሷን ነበር የጠረጠርኩት።

ልጅቷ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። «አቶ ያፌት፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን ነካች።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ድምፁ የኔ ነው። እንደገና፤ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጉንፋን ይዞኝ የነበረ ቀን በጉንፋን ድምፅ አለ። የቸኮልኩበት ቀን ቶሎ ቶሎ አለ። የካቲት መጨረሻ ላይ ጨዋታ ሁሉ ጨምሬበታለሁ፤ «ደህና ናት፣ እንደ ወፍ ነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስል፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሲስቅ ሁሉ ይሰማል። ሀሴት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠረጴዛውን ታያለች። አሥራ አንድ ያህል ከሰማሁ በኋላ በቃ አልኩ።

«እንዲረክስልን ብዬ ነው» አልኳት ልጅቷን። «ለዋጋው ብዬ እንጂ እሷ ደህና ሆና አይደለም።»

«አውቃለሁ አባቴ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል።»

«ቅናሹን ማነው የሚከፍለው?»

«የአሠሪዎች ዋስትና ነው፤ የናንተም ፋብሪካ ያለው እዚያው ነው። ለተያዘለት የጤንነት ቃል ሁሉ ይከፍላል።»

ያ ወፍራም ነጋዴ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ታየኝ። መስኮቱ ለካ ማስታገሻ አልነበረም የሚሸጠው። እየገዛ ነበር። እኔም የሚስቴን ወገብ በየጠዋቱ እየወሰድኩ ሸጥኩለት፤ ሰባ አንድ ጊዜ፣ እያመሰገንኩ። ሆዷን ከፍታ የምታወራ ሞኝ ናት ያልኳት ሴት በየጠዋቱ ለራሷ ስትመሰክር ኖራለች፤ እኔ ብልጡ አፏን ዘጋሁባት።

ልጅቷ ይግባኝ አለ አለችን። ዘጠና ጠዋት ሳይቋረጥ ከታማሚዋ ከራሷ አፍ ሕመሙ ከተያዘ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። አንድ ቀን ከጎደለ ከአንድ ይጀመራል። ይሄን ስትነግረን ጆሮዋ አካባቢ ቀላች። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ሥራዋ ነው።

በአውቶቡስ ተመለስን። ስንሳፈር «እንደምን ዋላችሁ?» አለን። የመለሰለት የለም። ጠባሴ ልንደርስ ስንል ሀሴት ወደ መስኮት እያየች ተናገረች።

«እንደ ወፍ ነች አልክ?»

«ሀሴት፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው።»

«እኔ ሌሊት እንዳልቀሰቅስህ ትራስ ነክሼ ነው የማድረው። አንተ ጠዋት ተነስተህ እንደ ወፍ ነች ትላለህ።»

አለቀስኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እያየኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አይዞሽ ልላት ፈለግሁና አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልለው የኖርኩትን ቃል አሁን ምን ብዬ ነው የማወጣው? እሷ ግን እጄን ይዛ «ተው፣ በቃህ» አለችኝ። አጽናኟ እሷ ሆነች።

ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሕመሙን የነገረ ሰው አራት መቶ ስልሳ ይከፍላል። በዘጠና ቀን አርባ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ማለት ነው። የሦስት ወር ጡረታዬ አምሳ አራት ሺህ ነው። ለሦስት ወር ምግብ፣ መብራት፣ ውሃ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ይተርፈናል። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ያው ነው። የሁለት ፍሬ ማስታገሻ ዋጋ በትክክል ይሄ ነበር፤ እኔ ነኝ ዘጠና ነው ስል የኖርኩት።

በማግስቱ ሁለታችንም ወጣን። በሩ «እንደምን አደራችሁ?» ሲል ምላሴን ነከስኩ። ሀሴት በአንድ እጇ ከዘራ፣ በሌላው እኔን ይዛ አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ምሰሶው ጋ ስንደርስ «ሰላም አደሩ አቶ ያፌት? ቤተሰብ ደህና?» አለኝ። ቃሉ አፌ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ስድሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው። ሀሴት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዝም ብለን አለፍን።

መስኮቱ ፊት ስትቆም «ወይዘሮ ሀሴት! ከጠፉ ቆዩ። እንዴት አደሩ?» አላት፤ የናፈቀ ሰው ድምፅ ነው ያለው። እሷ ግን እንደ ድሮው አላጫወተችውም። ከዘራዋን ጨብጣ፣ ቃል በቃል፣ «አሞኛል። አልተኛሁም። ወገቤ አልተሻለውም» አለችው። «አይዞዎት» አላት። መስታወቱ ላይ አራት መቶ ስልሳ ወጣ። ከፈልኩ። አንድ ጠዋት ሆነ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ይቀራል።

ስንዞር ሶልያና ከኋላችን ተሰልፋለች። የትናንቱን አልሰማችም። ፊቷ በርቶ «እትዬ ሀሴት! ወጣሽልኝ? እንዴት አደራችሁ?» አለችን።

እኔ አልመለስኩም። ሰው ሰላም ብሎኝ ሳልመልስ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የኮቷን ቁልፍ፣ ከዚያ የጆሮ ጌጧን ነው፤ ከነዚህ የትኛው ይይዝ ይሆን ብዬ።

«ደህና አላደርንም ሶልዬ» አለች ሀሴት። «ተፈረደብን። የምንለውን ሁሉ ነው የሚይዙት። ደህና ነኝ ያልሽውን ሁሉ፣ ለፋብሪካው።»

ሶልያና እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች። ምስጋናውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ ውስጡን አየችና ዘጋችው፤ ወሩ ገና አልተጋመሰም። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሀሴትን የምትስም መስላ፣ ጆሮዋ ሥር ተናገረች።

«እኔም ደህና አይደለሁም። ደረጃ የምወጣው በእጄና በእግሬ ነው።»

ይሄንን ያለችው በጣም በቀስታ ነው፤ ምሰሶው እንዳይሰማ። እኔ የሰማሁት አጠገባቸው ስለቆምኩ ነው። ከዚያ ቀና አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ተራዋ ስለደረሰ ወደ መስታወቱ ሄደች። እኛ አሥር እርምጃ ሄደን ለማረፍ ስንቆም ድምፅዋ ከኋላችን መጣ።

«ደህና ነኝ» አለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።»